ከሞተሩ በፊት ፍሬኑ

የዚህ ሳምንት ንባባችን ስለ አሮጌ መኪና ነው።

አሮጌ መኪና በገጠር ብዙ ሥራ ይሠራል። እህል ወደ ገበያ ያደርሳል። ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ያደርሳል። ቢያረጅም አይጣልም። ይጠገናል፤ እንደገና ይጠገናል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ። ስለዚህ ያለውን መኪና አድሶ መያዝ የብዙ ሰው ሐሳብ ሆኗል።

ባለመኪናዎች አሮጌ መኪና ሲያድሱ ሁለት ትልልቅ ሥራ አለ። አንደኛው የደከመውን ሞተር አውጥቶ ሌላ መግጠም ነው። ሁለተኛው ፍሬኑን መቀየር ነው። ታዲያ የትኛው ይቅደም? ብዙ ሰው «ሞተሩ» ይላል። መልሱ ግን «ፍሬኑ» ነው። ለምን? አብረን እንየው።

ታምቡርና ዲስክ

ላንድ ሮቨርን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ላንድ ሮቨር የእንግሊዝ አገር መኪና ነው። ለሕዝብ የታየው በ1940 ዓ.ም. ነው። ጭቃውንም ዳገቱንም ስለሚችል በገጠራችን ለብዙ ዘመን አገልግሏል። የድሮው ላንድ ሮቨር በአራቱም እግሩ ላይ ያለው የታምቡር ፍሬን ነው። ኩባንያው በ1975 ዓ.ም. ዋን ቴን የሚባለውን ሞዴል ሲያወጣ ግን የፊት እግሮቹን ዲስክ ፍሬን አደረጋቸው።

ታምቡር እንደ ድስት ያለ ብረት ነው። ከጎማው ጋር አብሮ ይዞራል። በውስጡ የፍሬን ሸራዎች አሉ። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ሸራዎቹ ወደ ውጭ ተገፍተው ታምቡሩን ከውስጥ ይይዙታል።

ዲስክ ደግሞ እንደ ምጣድ ዝርግ ነው። ሸራዎቹ ከሁለት ወገን ቆንጥጠው ይይዙታል። ቅጠል በሁለት ጣት እንደ መቆንጠጥ ማለት ነው።

አሁን መዳፋችሁን ከመዳፋችሁ ጋር አጥብቃችሁ ፈትጉ። ሞቀ አይደል? ፍሬንም እንዲሁ ነው። መኪና ሲቆም ሩጫው የትም አይጠፋም። ወደ ሙቀት ይለወጣል።

ታምቡር ዝግ ስለሆነ ሙቀቱ ከውስጥ ይታፈናል። ብረት ሲግል ይሰፋል። ታምቡሩ ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል። ሸራውም ከመጠን በላይ ሲግል መያዙን ይተዋል። ሾፌሩ ይረግጣል፤ መኪናው ግን አይቆምም። «ፍሬን እምቢ አለ» የሚባለው አንዱ ይኸው ነው። ዲስክ ግን ለአየር የተጋለጠ ነው። ቶሎ ይቀዘቅዛል። ወንዝ ሲሻገርም ውሃውን ቶሎ ያራግፋል። ታምቡር ውስጥ የገባ ውሃ ግን ቶሎ አይወጣም።

የዓባይን በረሃ አስቡ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ወንዙ ድረስ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በዚህ ሁሉ ቁልቁለት ፍሬኑን ሳይለቅ የሚወርድ ሾፌር ታምቡሩን ምድጃ ያደርገዋል። ብልህ ሾፌር ቁልቁለቱን ሳይጀምር ከባድ ማርሽ ያስገባል። መኪናውን ሞተሩ ይይዝለታል። ፍሬኑም ያርፋል።

ፍጥነት እጥፍ ሲሆን

እንግዲህ ወደ ሞተሩ እንመለስ። በብዙ አገሮች ለአሮጌው ላንድ ሮቨር የጃፓን ናፍጣ ሞተር ይገጠምለታል። ጥቅም አለው። ነዳጅ ይቆጥባል። ዳገት ላይ ይበረታል። በ30 ኪሎ ሜትር ያዘግም የነበረው መኪና በዚያው መንገድ 60 ይሮጣል። ባለመኪናው ይደሰታል።

ግን አንድ ስሌት አለ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የፍሬኑ ሥራ እጥፍ ብቻ አይሆንም። አራት እጥፍ ይሆናል። አንድ መኪና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ፍሬን ተይዞ በ10 ሜትር የሚቆም ከሆነ፣ 60 ሲሄድ 40 ሜትር ይፈልጋል። በ90 ከሆነ ደግሞ 90 ሜትር ይፈልጋል። ይህም ፍሬኑ ደህና ከሆነ ነው። እነዚያ 30 ሜትሮች ምን ማለት ናቸው? ከብቶች መንገድ ሲያቋርጡ ማለት ናቸው። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ማለት ናቸው።

ገበሬ ይህን በሌላ መንገድ ያውቀዋል። የደከመውን በሬ ለውጦ ብርቱ በሬ የጠመደ ሰው ምራኑንም ያያል። የተበላ ምራን ደካማውን በሬ ይችል ይሆናል። ብርቱውን ግን አይችልም። ሞተሩ በሬው ነው። ፍሬኑ ምራኑ ነው።

ሞተር ሲቀየር የሚረሳ ነገር

አንዳንድ መኪና ለፍሬኑ ሰርቮ የሚባል አጋዥ አለው። የቤንዚን ሞተር ሲሠራ አየር አጥብቆ ይስባል። ሰርቮው በዚህ መሳብ የሾፌሩን እግር ያግዛል። የናፍጣ ሞተር ግን አየሩን እንደዚያ አድርጎ አይስብም። ስለዚህ አየር የሚስብ ፓምፕ ለብቻው ያስፈልገዋል። ብዙ ጊዜ ከዲናሞው ጋር ተያይዞ ይሠራል። ቤንዚኑን አውጥቶ ናፍጣ የገጠመ መካኒክ ይህን ፓምፕ ከረሳ ሰርቮው ይሞታል። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይደድራል። አዲስ ሞተር ገባ፤ ፍሬኑ ግን ከቀድሞው ባሰ ማለት ነው።

ፍሬን መቀየርም ዕውቀት ይፈልጋል። ዲስክ ገጥሞ የታምቡሩን የፍሬን ፖምፓ እንዳለ መተው አይገባም። ፖምፓው ለዲስኩ የሚስማማ መሆን አለበት። አለዚያ ፍሬኑ ሳይረገጥ ይዞ ይቀራል፤ ወይም ፔዳሉ እስከ ታች ይወርዳል። የፊቱና የኋላው አያያዝም መመጣጠን አለበት። የኋላው ቀድሞ ከያዘ መኪናው ይሽከረከራል።

ደግሞ የድሮ መኪና ብዙ ጊዜ ለአራቱም እግር ያለው የፍሬን መሥመር አንድ ነው። አንድ ቦታ ከፈሰሰ አራቱም ይከዳሉ። ባለ ሁለት መሥመር ፖምፓ ከተገጠመ ግን አንዱ ቢፈስ ሁለተኛው ይይዛል። ዲስክ ለመግዛት ገንዘብ ያልበቃው ሰው ቢያንስ ይህንን ያድርግ። ሸራውን ይለውጥ፤ ታምቡሩን ያስተካክል።

የፍሬን ዘይት ሲጎድል የሞተር ዘይት ወይም የምግብ ዘይት መጨመር ክልክል ነው። ጎሚኒውን ያበላሸዋል። ጎሚኒው ሲበላሽ ፍሬኑ ይከዳል።

ማኅበራችሁ መኪና ሊገዛ ነው እንበል

የብዙ ሰው ገንዘብ ነው። የብዙ ሰው ነፍስም ነው። ሻጩ «ሞተሩ አዲስ ነው» ቢላችሁ ቶሎ አትደሰቱ። እንዲህ አድርጉ፦

1. «ፍሬኑስ መቼ ታደሰ?» ብላችሁ ጠይቁ።

2. ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን አንድ ሰው ረግጦ ይያዝ። ቀስ እያለ ወደ ታች ከሰመጠ ፍሬኑ ደህና አይደለም።

3. ሞተሩን አጥፍታችሁ ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ። ከዚያ እንደ ረገጣችሁ ሞተሩን አስነሡ። ሰርቮ ያለው መኪና ከሆነ ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ማለት አለበት። ካላለ ሰርቮው አይሠራም።

4. በጎማዎቹ ውስጥ በኩል ዘይት ፈስሶ እንደሆነ ተመልከቱ።

5. ሊብሬውን ተቀብላችሁ አንብቡ። በሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር ተጽፏል። ቁጥሮቹን ከመኪናው ላይ ከተቀረጹት ጋር አስተያዩ። ሞተሩ ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ያለው የድሮው ቁጥር ከሆነ ነገ ጣጣው የእናንተ ነው። መጀመሪያ ሻጩ ያስተካክል።

ይህን አምስተኛውን ሌላ ሰው አይሥራላችሁ። ድሮ «ጸሐፊ ፈልጉ» ይባል ነበር። ዛሬ ፊደሉንም ቁጥሩንም ታውቁታላችሁ። በጣታችሁ እየጠቆማችሁ፣ አንድ በአንድ፣ ራሳችሁ አንብቡት።

ተሳፋሪም ብትሆኑ አፍ አላችሁ። ሾፌሩ ቁልቁለት ላይ ሲበር «ወንድሜ፣ ቀስ በል፤ ከባድ ማርሽ አስገባ» ማለት ነውር አይደለም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ለመሮጥ ከመታጠቅ በፊት ለመቆም እንታጠቅ።

እንወያይ

1. ታምቡር ሲግል ፍሬኑ ለምን መያዙን ይተዋል?

2. አንድ መኪና በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በ8 ሜትር ቢቆም፣ በ60 በስንት ሜትር ይቆማል? አስሉ።

3. በቀበሌያችሁ የትኛው ቁልቁለት ያሰጋል? ሾፌሮች እዚያ ሲደርሱ ምን ያደርጋሉ? ጠይቃችሁ ለክፍሉ ተናገሩ።