ያለ እሳት የሚፈላ ውኃ

ከሥራ ሲገቡ ልጅዎ «መምህራችን ዛሬ ያለ እሳት ውኃ አፈሉልን» ቢልዎ አይሳቁበት፤ እውነቱን ነው። ተቃጥሎ የደረቀ ኖራ ውኃ ሲነካው ሙቀት ይሰጣል፤ ውኃውን እስከ ማንተክተክ ያደርሰዋል። በ17ኛው መቶ ዘመን የጎንደርን ግንቦች የሠሩት ግንበኞች ድንጋዩን ያያያዙበት ኖራ በዚሁ መንገድ ያለፈ ነው።

ችግሩ ልጁ ያየውን ቤት ውስጥ ሊደግመው መፈለጉ ነው። ለግንባታ ከመጣ ኖራ አንድ ፍንጣቂ ዓይን ከገባ ብርሃን ሊያሳጣ ይችላል። እንዲህ ከደረሰ ቅቤም ወተትም አይጨምሩበት! ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ፣ ሳያቋርጡ ቢያንስ 20 ደቂቃ አጥበው ወደ ሐኪም ቤት ይውሰዱት።

«ተው!» ማለት ብቻ ግን ተደብቆ እንዲሞክር ያደርገዋል። ይልቅስ ሌላውን አብረውት ይሞክሩ። በዳባትና በደባርቅ ደጋ ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ ማዳበሪያ ውኃ ውስጥ ሲሟሟ ሙቀት ይስባል። ከዘመድ ቤት አንድ እፍኝ ከተገኘ፣ ጥቂት ውኃ በያዘ ባዶ ጣሳ ጨምሮ ያማስለው፤ ጣሳው በእጁ ላይ ይቀዘቅዛል። (የደባርቅን ውርጭ የለመደ ልጅ ላይደነቅ ይችላል!) ብቻ ጣሳው ዳግም ለመጠጥ አይዋል፤ የተረፈው ዩሪያም ስኳርና ጨው ይመስላልና ከጓዳ ይራቅ።