‹‹ድፍረት›› ያልታጨበት ዓመት

ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ሰሞኑን ዶርማችን ውስጥ የተነሣ ክርክር ነው። አንዱ ጓደኛችን ‹‹የኛ ፊልም ለኦስካር የማይታጨው ፈረንጆቹ ስለማይፈልጉን ነው›› አለ። ሌላው ደግሞ ‹‹ጥሩ ስላልሠራን ነው እንጂ ምን አደረግናቸው!›› ብሎ መለሰለት። ሁለቱም በምሳሌነት የያዙት ‹‹ድፍረት››ን ነበር። እኔ ግን ከሁለቱም ጋር አልተስማማሁም።

ነገሩን ለማያስታውሱ አንባቢያን ባጭሩ ላንሣው። የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ ‹‹ድፍረት›› በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስና በበርሊን ፌስቲቫሎች የተመልካቾችን ሽልማት ወስዶ፣ ኢትዮጵያን ወክሎ ለ87ኛው ኦስካር በውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ ቀረበ። ተወዳዳሪዎቹ የ83 ሀገሮች ፊልሞች ነበሩ። ጥር 7 ቀን 2007 ዓ.ም. የታወቁት አምስት ዕጩዎች የፖላንዱ ‹‹ኢዳ››፣ የሩሲያው ‹‹ሌቪያታን››፣ የኢስቶኒያው ‹‹መንደሪኖች››፣ የሞሪታኒያው ‹‹ቲምቡክቱ›› እና የአርጀንቲናው ‹‹ዋይልድ ቴልስ›› ናቸው። የኛ የለም። በመጨረሻም ‹‹ኢዳ›› አሸነፈ።

አምስቱንም በፍላሽ እየተቀባበልን አይተናቸዋል፤ ለኔና ለጓደኞቼ ሲኒማ ማለት እንግዲህ ላፕቶፕ ነው። ‹‹ዋይልድ ቴልስ›› ያስቃል፤ ነገር ግን ከስድስቱ ታሪኮች ሁለቱን ከአሁኑ ረስቻቸዋለሁ። ‹‹ኢዳ›› በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ፣ እያንዳንዱ ምስሉ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፊልም ነው፤ ማሸነፉ አያስቆጭም። እኔ ዳኛ ብሆን ግን ለ‹‹መንደሪኖች›› እሰጥ ነበር። የአብካዚያ ጦርነት ላይ አንድ ሽማግሌ ሁለት የቆሰሉ ጠላቶችን እቤቱ አስገብቶ ያስታምማል። አንደኛው ሌላውን ካልገደልኩ ሲል ሽማግሌው ‹‹እዚህ ቤት ውስጥ አይሆንም›› ብሎ ቃል ያስገባዋል። ይህን ለመረዳት ኢስቶኒያ መወለድ ያስፈልጋል እንዴ? ቤት የገባ እንግዳ አይነካም ሲባል እየሰማን አይደል ያደግነው!

የአብዱረህማን ሲሳኮ ‹‹ቲምቡክቱ››ም መታጨት ይገባው ነበር፤ ‹‹አፍሪካዊ ስለሆንን አንመረጥም›› ለሚለው ጓደኛዬ መልሱ እሱ ነው። ታጣቂዎቹ ኳስ ከልክለዋል። ልጆቹ ታዲያ ያለ ኳስ ይጫወታሉ፤ ባዶውን ያቀብላሉ፣ ባዶውን ያገባሉ። ያን ጊዜ ዶርሙ ጭጭ አለ።

‹‹ድፍረት›› እንዲህ ዓይነት ትዕይንት የለውም ማለቴ አይደለም። አንድ አለው፤ ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚመክሩበት። ማንም እንደ ጭራቅ አልተሣለም፤ የምናውቃቸው አባቶች ናቸው፣ የሚያስፈራውም እሱ ነው። ከዚያ ውጭ ግን ፊልሙ ብዙ ያስረዳል። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ለማያውቀን እንግዳ የሚተርኩ ይመስላሉ። ርእሱን ብቻ ነው ሳያስረዳ የተወው። ‹‹ድፍረት›› ለኛ ጀግንነትም ነው፣ በሴት ልጅ ላይ የሚፈጸመው ወንጀልም ነው፤ የኦስካር ሰዎች ይህን ከየት ያገኙታል?

ስለዚህ አልታጨም ብዬ አላዝንም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ታሪኩ የተመሠረተው በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ ተጠልፋ ጠላፊዋን በገደለች የ14 ዓመት ልጅ ላይ ነው። ጠበቃዋ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት እስከመሆን ደርሰዋል። ጠላፊ ካገባት አይከሰስም የሚለው የድሮ ሕግም በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ቀርቷል። ይህን ያህል የኛ ጉዳይ ነው። ነገር ግን በነሐሴ 2006 ዓ.ም. መጨረሻ ፊልሙ አዲስ አበባ፣ ብሔራዊ ቴአትር ሊታይ ሰው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከባለታሪኳ መብት ጋር በተያያዘ ክርክር በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆመ። እገዳው የተነሣው በኋላ ነው። አሜሪካና ጀርመን አጨብጭበው ከጨረሱ ወራት አልፈዋል፤ ልጅቷ ግን ገና መብቷን እየጠየቀች ነበር።

ያኔ የኦስካር ደንብ ፊልሙ በራሱ ሀገር ሲኒማ ቤት ለሰባት ተከታታይ ቀናት መታየት አለበት ይል ነበር። ጥሩ ደንብ ነበር። ግን ሀገር ማለት አዲስ አበባ ብቻ ናት እንዴ? ጠለፋው የሚፈጸመው ሲኒማ ቤት በሌለበት ነው።

ባለፈው ክረምት ጊምቦ ወረዳ፣ ቤተሰቦቼ ጋ ሄጄ ላፕቶፔን ይዤ ነበር። አክስቴ በጠለፋ ነው የተዳረችው። እቤት ውስጥ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሣውም። አማርኛው ሲፈጥንባት በካፊኖኖ እያስረዳኋት እስከ መጨረሻው አየችው። ስለ ፍርድ ቤቱ ምንም አላለችም። ‹‹ልጅቷ በሕይወት አለች?›› አለችኝ። እውነተኛ ታሪክ መሆኑን፣ ቴአትር ቤቱ የሆነውንም ነገርኳት።

‹‹መጀመሪያ እሷን አይጠይቋትም ነበር?›› አለች። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና ሽማግሌዎቹ የተቀመጡበትን ቦታ እንድመልስላት ጠየቀችኝ። ሦስት ጊዜ አየነው።