ጨው ያልነው ልጅ

«ልጁ ጨው ነው!» ያልኩበት ጊዜ ብዙ ነው። መምህር ሳለሁ የፈተና ወረቀት አርመን ቡና ስንጠጣ፣ ያልገባውን ተማሪ በሁለት ቃል እንገላገለው ነበር። «ጭንቅላት የለውም፣ ጨው ነው!» ከዚያ እንስቃለን። ዛሬ ያን ሳቅ ሳስበው አፍራለሁ። ሁሉም ደካማ ተማሪ እንዲህ ነው አልልም፤ ግን ለአንዳንዱ ልጅ ጉዳቱ ጨው መሆኑ ሳይሆን ጨው ማጣቱ ነበር ለካ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ዝናብና ጎርፍ የደጋውን አፈር ሲያጥብ ኖሮ አዮዲን የተባለውን ማዕድን ይዞት ሄዷል። አፈሩ ያጣውን እህሉ አያገኝም፤ እህሉ ያጣውን እናቲቱ አታገኝም። አንገታችን ላይ ያለው ዕጢ ያለ አዮዲን ሆርሞኑን መሥራት ያቅተዋል፤ የፅንስ አንጎል ደግሞ ያለዚያ ሆርሞን በወጉ አይገነባም። ዕጢው ሲታገል ያብጣል፤ እንቅርት የምንለው ይኸው ነው። እኛ የምናየው አንገቱን ነው። ዋናው ጉዳት ግን ከዚያ ከፍ ብሎ፣ ራስ ቅል ውስጥ ነው፤ እንቅርት ሳይታይም ሊኖር ይችላል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ስንል የኖርን ሰዎች፣ በእንቅርት ላይ ስድብ ጨመርንበት።

«እኔስ በባዶ እግሬ ተምሬ ዶክተር ሆኜ የለ?» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። እሰየው! ግን ወንዙን የተሻገረ ሰው ጎርፍ የወሰደውን «ሰነፍ» ሊለው አይገባም። ጉብዝና ጥረት ይፈልጋል፤ አልካድኩም። ጥረት የሚነሣው ግን ከአንጎል ነው፤ አንጎልም ሥጋ ነው፣ ይራባል።

መድኃኒቱ ውድ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ጨው ላይ የሚጨመር እፍኝ የማይሞላ ነገር ነው! በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው በ15 ከመቶው ቤተሰብ ብቻ ነበር፤ በ2008ቱ 89 ከመቶ ደረሰ። በአምስት ዓመት! እንግዲህ «አፈጣጠሩ ነው» ስንል የኖርነው ነገር በደንብና በቁጥጥር የሚስተካከል ኖሯል ማለት ነው።

ይሁንና «አለበት» ማለት «ይበቃል» ማለት አይደለም። አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በእሳት ይባክናል። ባለሱቁ ጨዉን በተከፈተ ማዳበሪያ ደጅ ያሰጣዋል፤ እኛም ወጡ ገና ሲጣድ ጣል አድርገን እናንተከትከዋለን። አፈሩ የአካባቢ፣ አንጎሉ የሥጋ፣ ወጥ አሠራሩ የባህል ነው፤ ሦስቱም አንድ ልጅ ላይ ይገናኛሉ።

ስለዚህ ተቆጣጣሪው ቢሮ መቀመጡን ትቶ የሱቁን ጨው ይለካ። በየቤታችን ጨዉ በክዳን ዕቃ ይቀመጥ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር። እኛ አስተማሪ ነን ባዮችም ምላሳችንን እንሰብስብ። ልጁን ጨው ከማለታችን በፊት ጨዉን እንስጠው።