የሰው ላፕቶፕ አማና ነው



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን የምጽፈው ለመምከር ብቁ ስለሆንኩ ሳይሆን ያጠፋሁት ጥፋት ስላለ ነው።

ባለፈው ሴሚስተር አንዱ ኮርሳችን ሊኑክስ ይፈልግ ነበር። የራሴ ላፕቶፕ ስለሌለኝ ከዶርም ጓደኛዬ ተዋስኩ። እሱ ዘንድሮ ተመራቂ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፉም እዚያው ላይ ነበር። እኔ ግን ሳላማክረው ሊኑክስን ከዊንዶውሱ ጎን ለመጫን ተነሳሁ። ባዮስ ውስጥ ገብቼ ሴኪዩር ቡት የሚባለውን አጠፋሁ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሰማያዊ ገጽ አውጥቶ ባለ 48 አሃዝ ቁጥር ጠየቀኝ። ደነገጥኩ። ሮቤ ከተማ ወደሚገኝ አንድ ጥገና ቤት ይዤው ሮጥኩ። "ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም" አሉኝ፤ እሺ አልኩ። የወራት ልፋት በደቂቃዎች ጠፋ።

በኋላ ሳጣራ የተጠየቅኩት የቢትሎከር ቁልፍ ነበር። ቢትሎከር ዲስክ የሚቆልፍ የዊንዶውስ ጥበቃ ነው፤ የኮምፒውተሩ አነሳስ ሲነካካ ሌባ የመጣ መስሎት ቁልፍ ይጠይቃል። የጓደኛዬ ቁልፍ ደግሞ ማይክሮሶፍት አካውንቱ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። ሴኪዩር ቡትን መልሼ ማብራቴ ብቻ እንኳ ሊበቃ ይችል ነበር። ባለቤቱን አንድ ጥያቄ አልጠየቅኩትም።

ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 ሲጀምር የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። የጻፈውም ሚኒክስ በሚባል ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ውስጥ ሆኖ ነው። አንድ ቀን በሞደም ሊደውል ሲል ትእዛዙን በስህተት ወደ ዲስኩ ላከና ሚኒክሱን አበላሸው። ጀማሪ መሳሳቱ ነውር አይደለም። ልዩነቱ፣ እሱ ያበላሸው የራሱን ነው፤ እኔ የሰው።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፦ በተዋስነው ወይም በምንጋራው ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ መነሳት ያለበት በዊንዶውስ ውስጥ እንጂ ከጎኑ አይደለም። ቪርቹዋልቦክስ በነጻ ይገኛል። ሊኑክሱ በሙሉ እንደ ተራ ፋይል ይቀመጣል፤ ቢበላሽ እሱን አጥፍቶ እንደገና መጀመር ነው፣ ዊንዶውሱ አይነካም።

እርግጥ እሱም እምቢ የሚልበት ጊዜ አለ። ምርጫው ላይ ባለ 32 ቢት ብቻ ከታየ፣ ብዙውን ጊዜ ባዮስ ውስጥ ቪርቹዋላይዜሽን ጠፍቶ ነው። ኢንቴል ላይ ቪቲ ኤክስ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤስቪኤም ይባላል። ከማብራታችሁ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ የቢትሎከር ቁልፉም በእጁ መኖሩን አረጋግጡ። ከታች በኩል የኤሊ ምስል ካያችሁ፣ የዊንዶውስ ሃይፐር ቪ ስለበራ ነው የሚንቀራፈፈው። ራሙ 4 ጊጋ ከሆነ ለሊኑክሱ ከ2 በላይ አትስጡት፤ እንደ ሉቡንቱ ያለ ቀላል ምረጡ።

"በውስጥ ሲሆን ይዘገያል" የሚሉ ወንድሞች እውነታቸውን ነው። ጎን ለጎን መጫን ይፈጥናል። ግን በራሳችሁ ላፕቶፕ ይሁን፤ ፋይላችሁን ቀድማችሁ ሌላ ቦታ ገልብጡ፣ ባትሪውንም ሙሉ፤ ዲስክ እየተከፈለ መብራት ቢጠፋ ጣጣ ነው። ዊንዶውስ አፕዴት ካደረገ በኋላ ሊኑክሱ ጠፋ ብላችሁም አትደንግጡ። ብዙ ጊዜ የተቀየረው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው፤ ሲነሳ ከቡት ሜኑው ምረጡት።

ጎሮ መድረሳ ስንቀራ አንድ ሐርፍ ብንስት ኡስታዛችን ሎሁን በሙሉ አላጠቡብንም፤ የሳትናትን ሐርፍ በጣታቸው አሳዩን እንጂ። ፎርማት ሎሁን ማጠብ ነው። ላፕቶፕ አልነሳ ሲል መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ አንብቡት፣ ከዚያ ባለቤቱን ጠይቁ። ፎርማት የመጨረሻው ይሁን።

ጓደኛዬ አፉ ብሎኛል፤ አላህ ይስጠው። ጽሑፉ ግን በአፉታ አይመለስም። ከዒሻ በኋላ እሱ ከማስታወሻ ደብተሩ እያነበበ እኔ እተይባለሁ። አሁን ምዕራፍ ሁለት ላይ ነን።

ወሰላሙ ዓለይኩም።