ስንቁን ማን ያደርስለታል?



በቅርስ ትምህርት ክፍላችን እያንዳንዳችን አንድ ፊልም መርጠን፣ ከማኅበረሰባችን ኑሮ ጋር አያይዘን አስተያየታችንን እንድንጽፍ ታዘዝን። እኔ የመረጥኩት የቦክስ ፊልም ነው። «ከዱላ ምን ትምህርት ይገኛል?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ፤ እናቴም እንደዚያው ብላኛለች። ቢሆንም እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። ስለ ቡጢ የምናገረው ጥቂት፣ ስለ እስር ቤትና ስለ እኛ ስለ ቤተሰቦች የምናገረው ብዙ ነው። ዘመኖቹን የጻፍኩት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

እዚህ ናታንያ፣ ቅርያት ኖርዳው ውስጥ በሳምንት ሁለት ቀን ቦክስ እለማመዳለሁ። አብረውኝ የሚለማመዱት ልጆች ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት «አንዲስፒዩትድ» የሚባለውን ፊልም ነው። በ2002 የወጣ ሲሆን ዳይሬክተሩ ዋልተር ሂል ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በረሃ ውስጥ ባለ አንድ የአሜሪካ እስር ቤት ነው። ቪንግ ሬምስ የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆኖ ይታሰራል። ዌስሊ ስናይፕስ ደግሞ በነፍስ ግድያ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት፣ እዚያው እስር ቤት ውስጥ ዐሥር ዓመት ሳይሸነፍ የቆየ ቦክሰኛ ነው። አንድ ሽማግሌ ወንበዴ በውርርድ ገንዘብ አገኛለሁ ብሎ ሁለቱን ያጋጥማቸዋል። ሁለተኛውን ክፍል በ2006 የሠራው እስራኤል የተወለደው አይዛክ ፍሎሬንቲን ስለሆነ፣ በእኛ ልጆች ዘንድ እንደ አገር ልጅ ሥራ ነው የሚታየው።

ልጆቹ ከዚህ ፊልም የሚወስዱት፣ እስር ቤት ወንድ የሚፈተንበት ቦታ ነው፣ ክንዱ የበረታ እዚያም ይከበራል የሚለውን ነው። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው እንደዚያው ተሰምቶኝ ነበር። ሁለተኛ ሳየው ግን መጨረሻውን ልብ አልኩ። ግጥሚያውን የሚያሸንፈው ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው ነው። የተሸነፈው ሻምፒዮን ከእስር ይወጣል፣ ማዕረጉንም መልሶ ይይዛል። አሸናፊው ግን እዚያው ይቀራል፤ ጀግንነቱን የሚያውቁለት አብረውት የታሰሩት ብቻ ናቸው። እንግዲህ በፊልም ውስጥ እንኳ ቡጢው የእስር ቤቱን በር አልከፈተለትም።

ይህን ከተገነዘብኩ በኋላ ስለ ታሰረ ቦክሰኛ የሚናገር ሌላ ፊልም ፈለግሁ። «ሀሪኬን» ይባላል፤ በ1999 ኖርማን ጁዊሰን የሠራው፣ ዴንዝል ዋሽንግተን የተጫወተበት፣ የእውነተኛ ሰው ታሪክ ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ፣ ከሴት አያቴ ጋር ተቀምጠን አየነው። አያቴ እንግሊዝኛውን አይሰሙም፤ ከሥር የሚጻፈውን ዕብራይስጥም አያነቡም። ስለዚህ እኔ ፊልሙን እያቆምኩ በአማርኛ እተረጉምላቸው ነበር። ቡጢው ሲጀመር ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ትንሽ ቆይተው «ተላቀቁ?» ብለው ይጠይቁኛል።

ሰውየው ሩቢን ካርተር ይባላል፤ ኒው ጀርሲ ውስጥ በ1937 የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። «ሀሪኬን» ማለት ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ማለት ሲሆን፣ በቡጢው ኃይል የተሰጠው ስም ነው። በ1964 ለመካከለኛ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮና ከጆይ ጃርዴሎ ጋር 15 ዙር ተጋጥሞ በነጥብ ተሸነፈ። በሰኔ 1966 ፓተርሰን በምትባለው ከተማ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ በተተኮሰ ጥይት 3 ሰዎች ሞቱ። ካርተርና ጆን አርቲስ የሚባል ወጣት በዚህ ግድያ ተከሰው በ1967 ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ዋናዎቹ ምስክሮች በኋላ ቃላቸውን ለወጡ፤ በ1976ም ፍርዱ ተሻረ፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት እንደገና ተዳኝተው እንደገና ተፈረደባቸው። በ1985 ጉዳዩን ያዩት የፌዴራሉ ዳኛ ሳሮኪን፣ ክሱ በዘር ጥላቻ ላይ የቆመ ነው፣ ዐቃቤ ሕግም ማስረጃ ደብቋል ብለው ካርተርን ለቀቁት። በእስር ያሳለፈው ጊዜ ወደ 19 ዓመት ይጠጋል።

ፊልሙ ሁሉን ነገር እንደ ነበረ አልተናገረም። የ1964ቱን ግጥሚያ ካርተር አሸንፎ ሳለ ዳኞቹ የቀሙት አስመስሎ ስላቀረበው፣ ጃርዴሎ የፊልሙን ሠሪዎች ከሶ በስምምነት ጨርሰዋል። ካርተር በወጣትነቱ በዝርፊያ ጥፋተኛ ሆኖ መታሰሩንም ፊልሙ አለሳልሶ ያልፈዋል። ይህን ያነሣሁበት ምክንያት አለኝ፤ እመለስበታለሁ።

ካርተር ጨለማ ክፍል ውስጥ ብቻውን ሲታሰር አያቴ እጄን ያዙኝና «ለመሆኑ ለዚህ ሰው ስንቁን ማን ያደርስለታል?» አሉኝ።

«እማማ፣ እዚያ አገር መንግሥት ያበላቸዋል» አልኳቸው።

«መንግሥትማ ሆዱን ያበላዋል። እኔ የጠየቅሁህ ስንቁን ነው» አሉኝ።

ነገሩ አልገባኝም ነበርና ፊልሙን አቆምኩት። ያን ጊዜ ነው አያቴ ታሪካቸውን የነገሩኝ። አያቴ የአምቦበር ሰው ናቸው። በደርግ ዘመን ከወገኖቻችን ብዙዎች ዕብራይስጥ አስተማራችሁ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ልትሄዱ አስባችኋል፣ ሰው በሱዳን በኩል አሻገራችሁ እየተባሉ ታስረዋል፣ ተገርፈዋልም። ዛሬ «አሲሬ ጽዮን» ብለን በክብር እንጠራቸዋለን። የአያቴም ወንድም ጎንደር ታስረው ነበር። እስረኛን የሚመግበው ዘመዱ ነበርና አያቴ ከሌሊቱ ተነሥተው፣ እንጀራውን በሽሮ ፈትፍተው፣ በአገልግል ይዘው ይሄዱ ነበር። በሩ ላይ ጠባቂው መጀመሪያ «ቅመሺ» ይላቸዋል፤ ቀምሰው ይሰጡታል። ወንድማቸውን ሳያዩ የሚመለሱበት ቀን ይበዛ ነበር። አገልግሉ ባዶውን ሲመለስላቸው ግን «በልቶታል፣ በሕይወት አለ» ብለው ደስ እያላቸው ይመለሱ ነበር። ምግቡ እንደ ሄደ ከተመለሰ ለቅሶ ነው። ወንድማቸውም «ስንቅ መጥቶልሃል» ተብለው ስማቸው ሲጠራ፣ ከውጭ ሰው እንዳላቸው ያውቁ ነበር። አገልግሉ ፊደል ሳያስፈልገው የሚነበብ ደብዳቤ ነበረ።

ፊልሙን ስንቀጥል ለአያቴ ጥያቄ መልስ የሚሆን ነገር አገኘን። ካርተር እስር ቤት ሆኖ የሕይወቱን ታሪክ ጽፎ በ1974 አሳትሞ ነበር። የመጽሐፉ ስም «ዐሥራ ስድስተኛው ዙር» ነው። በዚያ ዘመን የሻምፒዮና ግጥሚያ 15 ዙር ስለ ነበረ፣ ዐሥራ ስድስተኛው ከሪንጉ ውጭ ያለው ትግል መሆኑ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ግን ተስፋ ቆርጦ ከሰው ራቀ፤ በፊልሙ ውስጥ ሚስቱን እንኳ «ተይኝ» ይላታል። ከዚያ ሌዝራ ማርቲን የሚባል የኒው ዮርክ ድሃ ልጅ መጣ። ትምህርት ቤት እየሄደ ማንበብ ያልቻለ ልጅ ነበር፤ የካናዳ ሰዎች ቶሮንቶ ወስደው አስተማሩት። የካርተርን መጽሐፍ አነበበና በ1980 ደብዳቤ ጻፈለት፤ ካርተርም መለሰለት። ካናዳውያኑም ለዓመታት ያለ ክፍያ ሲከራከሩለት ከነበሩት ጠበቆች ጋር ሆነው ደከሙለት። ሌዝራ ራሱ በኋላ የሕግ ባለሙያ ሆነ። ካርተርም እስከ ሞተበት እስከ 2014 ድረስ ካናዳ ኖረ፤ ያለ ጥፋታቸው ለታሰሩ ሰዎች የሚቆም ማኅበርንም ለብዙ ዓመታት መርቷል። አያቴ ደብዳቤው እስር ቤት ሲደርስ ሲያዩ «ይኸው፣ ስንቅ መጣለት» አሉ።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። የአክስቴ ልጅ ከታሰረ ዓመት አልፎታል። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሰው ደብድቦ ገንዘብ ቀምቷል። ጥፋተኛ ነው፤ አልከላከልለትም። ካርተርም በወጣትነቱ እንዲህ ዓይነት ጥፋት እንደ ነበረበት የነገርኳችሁ ለዚህ ነው። በቤተሰባችን ግን ስለ እሱ ሲጠየቅ «ኤይላት ሆቴል ይሠራል» ነው የሚባለው። እኔም ለቅሶ ቤት ሁለት ጊዜ እንደዚያ ብያለሁ። ለአያቴም የተነገራቸው ይኸው ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ አያቴ ነጠላቸውን አስተካክለው «ያ ኤይላት የምትሉት አገር ጠያቂ ያስገባል?» አሉኝ። ለካ ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር። እኛን እንዳናፍር ብለው ዝም ያሉት እሳቸው ነበሩ።

ባለፈው ወር አክስቴ፣ አያቴና እኔ ልንጠይቀው ሄድን። አያቴ ዳቦ ጋግረው ይዘው ነበር። ምግብ ከውጭ ማስገባት አይፈቀድም ተብሎ ዳቦው በሩ ላይ ቀረ። የአክስቴ ልጅ አያቴን ሲያይ አንገቱን ደፋ። ብዙ አልተናገረም፤ ከአማርኛው የሚጠፋበት ይበዛል፣ እኔ መካከል ሆኜ አስተረጎምኩ። ስንነሣ «እማማ ይመለሳሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። በመንገድ ላይ አያቴ ዳቦውን ጭናቸው ላይ አድርገው «ለካ እዚህ አገር ስንቁ ሰው ነው» አሉ።

ወላጆቻችን ሆይ፣ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። በአገር ቤት እስረኛን የሚያበላው ቤተሰቡ ስለ ነበረ፣ ሰው ቢያፍርም ቢቆጣም ወደ እስር ቤቱ መሄዱ አይቀርም ነበር። እዚህ አገር መንግሥት ስለሚያበላ ስንቁ ቀረ፤ ከስንቁ ጋር መንገዱም ቀረ። በቴል ሞንድ አጠገብ ያሉት እስር ቤቶች ከናታንያ በመኪና ሩቅ አይደሉም፤ ከአምቦበር ጎንደር በእግር ይርቅ ነበር። በእኛ ልጆች ላይ የሚደርሰውም የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም። በ2016 በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በኤሚ ፓልሞር የተመራው ኮሚቴ በማኅበረሰባችን ላይ ስለሚደርሰው ዘረኝነት ባቀረበው ዘገባ፣ ልጆቻችን ከቁጥራችን ጋር በማይመጣጠን መጠን እንደሚከሰሱና እንደሚታሰሩ ገልጾ ነበር። ስለዚህ ስለ ልጇ «ኤይላት ነው» የምትል እናት በየሰፈሩ አለች ማለት ነው። እያንዳንዷ ግን ብቻዋን የሆነች ይመስላታል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ።

«የአያትህ ወንድም ስለ ኢየሩሳሌም ታሰረ፤ ይህኛው ስለ ሌብነት። እንዴት ታወዳድራለህ?» የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው። እኔ ግን የማወዳድረው ስንቁን እንጂ ጥፋቱን አይደለም። አገር ቤት በዚያ በር ላይ አገልግል ይዘው ከተሰለፉት እናቶች መካከል የሌባም፣ የነፍሰ ገዳይም እናት ነበረችበት። ማንም «ልጅሽ በምን ተከሰሰ?» ብሎ ከሰልፉ አላስወጣትም።

ደግሞም «እስረኛን ከጠየቅን ልጆቹ እስር ቤትን እንደ ክብር ያዩታል» የሚል አለ። እኔ የምፈራው ሌላውን ነው። በ«አንዲስፒዩትድ» ያለው አሸናፊ ክብሩን ሁሉ ያገኘው ከእስር ቤት ውስጥ ነው፤ ጀግንነቱን ውጭ የሚያውቅለት ስለሌለ ቡጢው ብቻ ቀረው። እኛ የተውነውን ልጅ «ጎበዝ፣ ወንድ ነህ» የሚሉት እዚያ ያገኛቸው ሰዎች ብቻ ይሆናሉ። ሲፈታም ወደ እነሱው ይሄዳል። አያቱ ፊቱ ስትቀመጥ ግን ጥፋቱን የሚያስታውሰው ከፍርድ ቤቱ ይልቅ እሷ ናት። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ዳኛ ፊት ያልደፋውን አንገቱን እሳቸው ፊት ደፋ።

የምለምናችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ «ኤይላት ነው» ማለትን እንተው፤ «ታስሯል፣ እንጠይቀዋለን» እንበል። ሁለተኛ፣ ቄሶቻችንና ሽማግሌዎቻችን የታሰረ ልጅ ያለበትን ቤት ለቅሶ ቤት እንደምትደርሱ ድረሱለት። ለለቅሶ ስንሄድ አውቶቡስ ይሞላል፤ እስረኛ ለመጠየቅ ግን አንድ መኪና አይገኝም። የተበደለ ሰው ካለም፣ በአገራችን ወግ ሽምግልና ተልኮ ይቅርታ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ መሄድ የማይችል ደብዳቤ ይላክ። የታሰሩት ልጆች ብዙዎቹ አማርኛ አያነቡም፤ አያቶቻችን ዕብራይስጥ አይጽፉም። እኛ የቅርስ ክፍል ተማሪዎች ግን ሁለቱንም ተምረናል። ይህን ትምህርት ስንጀምር «አማርኛ ምን ያደርግልናል?» የምንል ነበርን። እኔ መልሱን አግኝቻለሁ።

ስለዚህ ለታሰረ ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ደብዳቤ ማጻፍ የሚፈልግ ሰው ካለ፣ እሱ በአማርኛ ይንገረኝ፣ እኔ በዕብራይስጥ እጽፍለታለሁ። ምስጢሩንም እጠብቃለሁ። የአያቴን ደብዳቤ ጽፌ ልኬያለሁ፤ አሁን መልሱን እየጠበቅን ነው። አያቴ በየቀኑ ከሥራ ስትመለስ እናቴን «ፖስታ ቤት አለፍሽ ወይ?» ይሏታል።

በአማርኛዬ ያጠፋሁት ቢኖር ይቅርታ አድርጉልኝ።