የታይገሩ ፊትና የታይገሩ ደን

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥር ወር 1961 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት ዳግማዊት ኤልሳቤጥ ሕንድን በጎበኙ ጊዜ፣ ባለቤታቸው ልዑል ፊሊፕ የጃይፑር ማሃራጃ አደን በሚያድኑበት በራንታምቦር ደን ታይገር ገድለው ነበርና፣ እንግዶቹና ባለ አገሮቹ መኳንንት ከግዳዩ በስተኋላ ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍ በዓለም ጋዜጦች ወጥቶ ብዙ ነቀፌታ አስነሣ። ያው ደን ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1973 የሕንድ መንግሥት «ፕሮጀክት ታይገር» የተባለውን ሥራ ሲጀምር፣ ከመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ጥብቅ ደኖች አንዱ ሆነ፤ ዛሬም ወደዚያ የሚገባው እንግዳ በትከሻው ያንጠለጠለው ካሜራ ነው።

ይህን የሚያዩ ሰዎች ካሜራ የጠመንጃን ዙፋን ወረሰ እያሉ ደስ ይላቸዋል። እኔ ግን ነገሩ እንደዚህ የቀና አይመስለኝም፤ ካሜራ በአደን ሜዳ እንግዳ ሆኖ የመጣ ሳይሆን፣ ከጠመንጃው ጎን ቆሞ ግዳዩን ሲመዘግብ የኖረ ጸሓፊ ነበርና፣ ጌታው በሕግ ከደኑ ሲሰደድ ጸሓፊው ብቻውን ቀረ እንጂ የጌታውን ልማድ ፈጽሞ አልተወም። ከቅርብ የተነሣ፣ ዐይንና ጥርስ ብቻ የሞላው፣ ከወዴት እንደ ተነሣ የማይታወቅ የታይገር ፊት፣ በማሃራጃው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ይሰቀል የነበረው የአውሬ ራስ ታናሽ ወንድም ነው።

ጎህ ሲቀድ «ጂፕሲ» የሚባሉት ስድስት ሰው የሚይዙ ክፍት መኪኖችና «ካንተር» የሚባሉት 20 ያህል የሚጭኑ ትልልቅ መኪኖች በየተመደበላቸው ቀጠና ይገባሉ። መሪው በአቧራው ላይ የታተመውን ኮቴ ያነባል፤ ከዚያ ሞተሩን አስጠፍቶ ያዳምጣል። ላንጉር የተባለው ረዥም ጅራታም ጦጣ ከዛፍ ጫፍ ሲያስል፣ ቺታል የተባለው ባለ ነጠብጣብ አጋዘን በቀጭን ድምፅ ሲጮኽ፣ በቀላሉ የማይደነግጠው ሳምባር የተባለው ትልቅ አጋዘን ደግሞ አንድ ጊዜ ሲያምባርቅ፣ ታይገሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ ሳያየው ያውቃል። በእውነቱ በሕንድ ደን ውስጥ እጅግ የሚያስደንቀው ይህ ዕውቀት ነው፤ ነገር ግን የሚያሳዝነው፣ ታይገሩ በታየባት ደቂቃ ሁሉም ይረሳና፣ መኪኖች ከፊትና ከኋላ ተሻምተው መንገዱን ሲዘጉበት፣ በጥንቱ አደን ከበሮ እየመቱ አውሬውን ወደ ተኳሹ ይነዱት የነበሩት ሰዎች በሞተር ተመስለው የተመለሱ ይመስላል።

በዚያው በራንታምቦር በሐይቆቹ ዳር የኖረችው፣ ማችሊ የተባለችውና ከአዞ ጋር በመታገሏ ዝናዋ የወጣው እንስት ታይገር፣ በነሐሴ ወር 2016 እስክትሞት ድረስ በዓለም ላይ እንደ እርስዋ ብዙ ጊዜ ፎቶግራፍ የተነሣ ታይገር የለም ይባል ነበር። ከምስሎቿ መካከል ዘመን የሚሻገሩት፣ እንደ እኔ ፍርድ፣ ፊቷን ያጐሉት ሳይሆኑ፣ ውሃውንና የፈረሱትን የነገሥታት ሕንጻዎች ከእርስዋ ጋር ያሳዩት ናቸው፤ ታይገር የምትነግሠው በግዛቷ ውስጥ ስትታይ ነውና።

ካሜራ ግን ከአደን ያልተወለደ ሌላ ዘርም አለው። በ1920ዎቹ ዓመታት ፍሬድሪክ ዋልተር ቻምፒዮን የተባለ የእንግሊዝ መንግሥት የደን ሹም፣ አውሬው በሌሊት ሲያልፍ በሚነካው ሽቦ ካሜራውና የብርሃን ፍንዳታው በራሳቸው እንዲሠሩ አድርጎ፣ ታይገር ሰው በሌለበት እንዴት እንደሚመላለስ አሳየ፤ በ1927ም ይህንኑ በመጽሐፍ አወጣ። ከእርሱ በኋላ ኡላስ ካራንት የተባለው ሊቅ በናጋራሆሌ ደን በዚህ ዐይነት ካሜራ ታይገሮችን መቁጠር ቻለ፤ የአንዱ ሸንተረር ከሌላው ጋር ስለማይመሳሰል እያንዳንዱ ታይገር በገላው ተለይቶ ይታወቃልና። እነዚህ ምስሎች ውበት የላቸውም፤ ብዙዎቹ ጎድን ብቻ ያሳያሉ። ሆኖም በሳሪስካ ጥብቅ ደን፣ ኮቴ እየተቆጠረ ታይገሮች አሉ ሲባል ቆይቶ፣ በ2005 አንድም እንዳልቀረ በታወቀ ጊዜ፣ አገሪቱ የኮቴውን ቆጠራ ትታ የተማመነችው በእነዚሁ ውበት በሌላቸው ምስሎች ነው። በ2006 1,411 ተብሎ የተገመተው የታይገር ቁጥር በ2022 ወደ 3,682 ከፍ ማለቱ የተነገረውም በእነርሱ ምስክርነት ነው።

የጎብኚው ገንዘብና ዐይን ደኑን ይጠብቃል የሚሉት ሰዎች ክርክር በከፊል እውነት አለው፤ የጎረቤት መንደር ልጅ መሪና ሹፌር ሆኖ እንጀራውን ከሕያው ታይገር ሲያገኝ፣ የደኑ መኖር ለእርሱም ጥቅም ይሆናል። ሳሪስካም ግን ታይገሮቹ ሲያልቁበት እንግዳ የሚጎበኘው ደን ነበረ።

የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 በጥብቅ ደኖች እምብርት ጉብኝትን ለጥቂት ወራት አግዶ፣ ኋላ በመመሪያ ፈቀደ፤ መመሪያ ግን የመኪናን ቁጥር ይወስን እንደሆነ እንጂ በሌንስ ውስጥ ምን እንደሚገባ አይወስንም። በታኅሣሥ ጠዋት ካንሃ በተባለው ጥብቅ ደን፣ ጉም «ሳል» በሚባሉት ዛፎች መካከል ተኝቶ፣ ባራሲንጋ የተባሉት ከመጥፋት የተረፉ አጋዘኖች በሜዳው ሲግጡ፣ ረዥሙን ሌንስ በአጭር ለውጦ ታይገሩን በምስሉ ጥግ ትንሽ አድርጎ ማስቀመጥ ታላቅ ትሕትና ይጠይቃል፤ ወዳጆች «የታለ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርምና። እንደዚህ ያለውን ምስል የሚወድ ሰው ገና ከበሩ ሳያልፍ ለሹፌሩ «ከሩቅ ይበቃናል» ይበለው፤ ጉርሻውንም ታይገሩ ባይታይም ሳያጓድል ይስጠው፤ ሹፌሩ መኪናውን ወደ አውሬው የሚያስጠጋው ጉርሻው በቅርበቱ ልክ እንደሚለካ ስለሚያውቅ ነውና።