ኒክስ በ2025-26 ሰበብ አልነበረውም
ቶም ቲቦዶ ኒው ዮርክ ኒክስን ከ25 ዓመት በኋላ ለምስራቅ ኮንፈረንስ ፍጻሜ አበቃ፤ በኢንዲያና 4 ለ 2 ተሸነፈና ተባረረ። "ቋሚ አምስቱን አደከማቸው" ነው የሚሉት። እሺ፣ ማንን ይቀይር ነበር? ለብሪጅስ አምስት የመጀመሪያ ዙር ድራፍት አስረክቦ፣ ዲቪንቼንዞን በታውንስ ዝውውር ሸኝቶ ተጠባባቂ ወንበሩን ያራቆተው አስተዳደሩ ነው። ይኸው በ2025 ክላርክሰንንና ያቡሴሌን አመጡ፤ የጎደለው ምን እንደነበር በራሳቸው እጅ መሰከሩ። (ክላርክሰን ነጥብ ያመጣል፣ መከላከል ላይ ግን አትጠብቁት።)

ማይክ ብራውን መጥፎ ምርጫ አይደለም። ግን ቦስተን ያለ ታተም፣ ኢንዲያና ያለ ሃሊበርተን ነው የ2025-26 ውድድርን የጀመሩት፤ ሁለቱም የተረከዝ ጅማታቸው ተበጥሶ ነበር። መንገዱ እንዲህ ተከፍቶ ከ1999 በኋላ እስከ 2025 ያላዩት የኤንቢኤ ፍጻሜ ባይደርሱ፣ ቀጣዩ ተባራሪ አሰልጣኙ መሆን አልነበረበትም።